ፀሐይን የሚጠላው አልጌ

ኮምፒውተር ያወጣውን ግራፍ የሚጠራጠር ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ሰው ሰውን ይጠራጠራል፤ ሚስት ባሏን፣ ገዢ የነጋዴውን ሚዛን፣ ሁላችንም የሚኒባስ ረዳትን... ያው ተጠራጣሪ ግን ባለቀለም መስመር ግድግዳ ላይ ሲበራለት እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ራሱን መነቅነቅ ይጀምራል። መስመሩ ወደ ላይ ከወጣ "አሃ" ይላል፤ ወደ ታች ከወረደ "እህህ" ይላል። እናንተስ አታደርጉትም? ታደርጉታላችሁ! እኔማ የባሰብኝ ነኝ፤ መስመሩን የማወጣው ራሴ ሆኜም አምነዋለሁ።

እንጀራዬ ውሃ ነው። መቱ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት (የትኛው እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ገና ጡረታ አልወጣሁም) የውሃ ጥራት ባለሙያ ተብዬ ተቀምጫለሁ። ዝናብ ጃንጥላ በማያስጥልበት አገር የውሃ ባለሙያ መሆን ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፤ ማንም ምንም አይጠይቃችሁም። ከቢሮ ወጥታችሁ በስብሳችሁ ቤት እስክትገቡ ውሃውን ሁሉም ሰው በነፍስ ወከፍ ያውቀዋል። ስለዚህ ኃላፊዬ ባለፈው ዓመት ለአምስት ቀን ሥልጠና ሲልከኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሥልጠናው "የወንዝ ውሃ ጥራት ሞዴል" ይባላል። በአጭሩ፣ ወንዙን ኮምፒውተር ውስጥ ታስገቡታላችሁ። አትሳቁ፣ ደረቁን ነው።

ሞዴሉ ውስጥ ብዙ ነገር አለ፤ እኔን የጠለፈኝ ግን አልጌ ነው። የትምህርት ቤት መጽሐፍ ዋቅላሚ የሚለው፣ እኛ ወንዝ ስንሻገር ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ በጀርባችን የሚያስተኛን፣ ያ አረንጓዴ ነገር። አሠልጣኛችን አልጌ ማለት ሰው ማለት ነው ብሎ ጀመረ፤ ይበላል፣ ይተነፍሳል፣ ይወፍራል፣ ይሞታል። ፀሐይ ሲያገኝ ውሃው ውስጥ ኦክስጅን ይለቃል፣ ሲጨልም ያንኑ ኦክስጅን መልሶ ይወስዳል። ስለዚህ አልጌ ባለበት ወንዝ ኦክስጅኑ ከሰዓት በኋላ ይበዛል፣ ሊነጋጋ ሲል ይጎድላል። ይህቺን ነገር ያዙልኝ። እኔ ስላልያዝኳት ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

ታዲያ ሞዴሉ የአልጌውን ጠባይ ይጠይቃችኋል። በቀን ምን ያህል ያድጋል? ምን ያህል ይተነፍሳል? ስንቱ ይሞታል? ለማደግ ምን ያህል ብርሃን ይበቃዋል? ብርሃን ሲበዛበትስ ይጎዳል? ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ባዶ ሳጥን አለ፤ ቁጥር ትሞሉበታላችሁ። የመቱን አልጌ ጠባይ ደግሞ ከዚህ በፊት የጠየቀው ዘመድ የለም። መጀመሪያ ከመመሪያው ላይ የሰው አገር አልጌ ቁጥር ትበደራላችሁ። ከዚያ የሞዴሉ መስመር ወንዙ ላይ ከተለካው ጋር እስኪገጥም ድረስ ቁጥሮቹን ከፍ ዝቅ ታደርጋላችሁ። በእኛ ሙያ ይህ "ማስተካከል" ይባላል። በሌሎች ሙያዎች ያስከስሳል።

የሚለኩልን ኦቦ ገመቹ ናቸው። ወንዝ ዳር ቆመው የውሃውን ከፍታ ማንበብ ሲጀምሩ እኔ እዚሁ መቱ ዳዴ እል ነበር። ልኬቱ የተካሄደው ወደ ሶር ወንዝ በምትገባ አንዲት ትንሽ ወንዝ ላይ ነው፤ ስሟን ከጠራሁ ሰፈሬን ታውቁብኛላችሁ። ኦቦ ገመቹ የኦክስጅን መለኪያውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ዝናቡን በላስቲክ ተከላክለው፣ ከንጋት እስከ ምሽት በየሦስት ሰዓቱ እየለኩ ደብተራቸው ላይ አሰፈሩ። የእጅ ጽሑፋቸው የሚያስቀና ነው። በአንድ በኩል ሰዓቱ፦ አሥራ ሁለት፣ ሦስት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ፣ እንደገና አሥራ ሁለት። በሌላ በኩል የኦክስጅኑ መጠን። እኔም ደብተሩን ፊቴ ዘርግቼ ቁጥሩን እንዳለ ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጥኩ። አሥራ ሁለት ሁለት ጊዜ ሲያጋጥመኝ ሁለተኛዋን ሃያ አራት ብዬ አረምኳት። እንዲህ ያለች ብልጠት አታልፈኝም።

ሞዴሉን ሳስነሳው መስመሩና የልኬቱ ነጥቦች ተጣሉ። ተጣሉ ስላችሁ ተኮራረፉ ማለቴ አይደለም፤ ለሽማግሌ የሚያስቸግር ጠብ ነው። መስመሩ እኩለ ቀን ላይ ኦክስጅን ሞልቷል ይላል፤ የኦቦ ገመቹ ነጥብ እዚያው ሰዓት ላይ አልቋል ይላል። መስመሩ ሊነጋ ሲል ጎድሏል ይላል፤ ነጥቡ ተትረፍርፏል ይላል። አእምሮ ያለው ሰው እዚህ ላይ ደብተሩን መልሶ ያያል። እኔ ደግሞ ሥልጠና ወስጃለሁና ሳጥኖቹን መነካካት ጀመርኩ።

የእድገት ፍጥነቱን ጨመርኩ። ትንሽ ቀረበ። የብርሃን ፍላጎቱን ቀነስኩ። አሁንም ቀረበ። ትንፋሹን እጥፍ አደረግኩት፤ በመመሪያው መሠረት እንዲህ የሚተነፍስ አልጌ የለም፣ ዳገት የወጣ ሰው ነው እንጂ። በመጨረሻ "ብርሃን ሲበዛበት ይጎዳል" የምትለዋን ሳጥን አገኘኋትና ያለ የሌለ ኃይሌን እሷ ላይ አፈሰስኩ።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ስል ከረምኩ። ቤት የተከራየሁባቸው እትዬ ዘሃራ ሰው ሲጨነቅ ዝም ብለው የሚያዩ ሴት አይደሉም። ቤተሰባቸው ከወሎ በሠፈራ የመጣ ነው፤ ልጅ ሆነው እዚህ ደርሰው፣ እዚሁ አድገው፣ እዚሁ አግብተው፣ ዛሬ ከአማርኛቸው እኩል በኦሮምኛ ይቀልዳሉ። አንድ ቀን ሻይ እያጠጡኝ ምን ሆኜ እንደምተክዝ ጠየቁኝ። እኔም በተሰበረ ድምፅ፣ "አልጌው አልስተካከል ብሎኝ ነው፣ እትዬ" አልኳቸው።

ሻይ ደገሙኝ። በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ አንድ አናጢ አልጋዬ ሥር ገብቶ የአልጋውን እግር ይቀጠቅጣል! ጎንበስ ብዬ አልጋ ሳይሆን አልጌ እንደሆነ፣ ችግሩም እድገቱ መሆኑን አስረዳሁ። እትዬ ዘሃራ በር ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ አልጋ እንደማያድግ፣ ያደግኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ጎመኑን ሳበዛ እሳቸውም ሲታዘቡኝ እንደቆዩ ነገሩኝ። አናጢው አልጋው ሥር ሆኖ ሳቀ።

ስለ ጎመኑ ልንገራችሁ። ከቤቱ ጀርባ ቁልቁል ወደዚያችው ወንዝ የሚወርድ ጠባብ መሬት አለ። እትዬ ዘሃራ ያንን መሬት ከባለቤታቸው ሞት በኋላ ብቻቸውን ቆፍረው፣ ድንጋዩን ለቅመው፣ ከጎረቤት ፍግ እየተሸከሙ ጎመን አደረጉት። ቤታቸው የሚበላው ከዚያ ነው፤ የተረፈውን ገበያ ያወጡታል። እኔም ከኪራይ ጋር የተካተተ ይመስል በቀን ሁለቴ እበላዋለሁ።

ወደ አልጌው ልመለስ። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ መስመሩ አምስቱም ነጥቦች ውስጥ እንደ ዶቃ ክር አለፈ። ብድግ ብዬ ወንበሬን ዞርኩት። ልብ በሉ፣ አሁን በእጄ ያለው ተራ አልጌ አይደለም። በጨለማ ይበላል፣ ሳይነጋ ይወፍራል፣ ፀሐይ ስትበረታ ይታመማል፣ እኩለ ቀን ላይ ያቃስታል። እንዲህ ያለ ፍጥረት መመሪያው ውስጥ የለም። ጤነኛ ሰው "ተሳስቻለሁ" ይላል፤ እኔ "አግኝቻለሁ" አልኩ። ወዲያው ስም አወጣሁለት፤ የመቱ የሌሊት አልጌ። መላጨቴን ትቼ መስተዋት ፊት ንግግር መለማመድ ጀመርኩ። "ክቡራንና ክቡራት" የምትለውን ሦስት ዓይነት ድምፅ ሞከርኩላት።

ኃላፊዬ ግራፉን ሲያይ ቀዩ መስመር ወፈር ይበል አለ፤ ሌላ አስተያየት አልነበረውም። ከዚያ ግን ወንዟ በበጋ ምን ትሆናለች ብሎ ጠየቀ። የመጪውን በጋ አስገብቼ ሞዴሉን አስነሳሁት። ጉድ ፈላ! ያ እድገቱ ልጓም የሌለው አልጌዬ ትንሽ ፍግ ሲሸተው አበደ፤ ወንዟ ከሰፈራችን እስከ ሶር መግቢያ አረንጓዴ ሆነች፣ ዓሣው አለቀ፣ ልብስ የሚታጠብባት ቦታ ገንፎ ሆነች። ኃላፊዬ ፊቱ ተለዋወጠ። ፍጉ የሚመጣው ከየት ነው አለ። ካርታውን ከፈትኩ። ከልብስ ማጠቢያው በላይ፣ ወንዟ ዳር፣ አንዲት ጠባብ እርሻ ብቻ አለች። የማን ናት ሲለኝ የምበላው ጎመን ትዝ አለኝ፤ የእትዬ ዘሃራ ናት አልኩ።

በሁለተኛው ቀን ደብዳቤ ወጣ። ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ስብሰባ ይደረጋል፤ ከጎረቤት ወረዳዎቹ ከሁሩሙና ከቡሬ ያሉ ባልደረቦች ለትምህርት እንዲሆናቸው ይገኛሉ፤ የወንዝ ዳር እርሻዋ እንድትነሳ ውሳኔ ይሰጣል፤ ባለይዞታዋም ይጠራሉ። እኔ ፈሪ ነኝ፣ አልነገርኳቸውም። ያን ዕለት ዓይኔን በጨው አጥቤ ማዕድ ቀረብኩ፤ ጎመኑን ግን በእንጀራ ሸፍኜ ተውኩት።

ደብዳቤው ለእትዬ ዘሃራ ሲደርሳቸው አስነበቡኝ። እያንዳንዱን ቃል የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ በቃሌ ልወጣላቸው እችል ነበር። የእኔ ሥራ መሆኑን ስናዘዝ ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱና፣ "አብሽር፣ አንተ ሥራህን ነው የሠራኸው። ሐሙስ እመጣለሁ" አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ያህል አፍሬ አላውቅም።

እናንተ እዚህ ላይ ይህ ሰው ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሥራውን እንደገና ይመረምራል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልመረመርኩም። መስመሩ ነጥቦቹን ነክቷል፣ ምኑን እመረምራለሁ? አዝኜ ሸሚዝ ተኮስኩ።

ሐሙስ ደረሰ። አዳራሹ ሞላ። እትዬ ዘሃራ የዒድ ልብሳቸውን ለብሰው ከፊት ተቀመጡ፤ ኦቦ ገመቹ ከኋላ፣ ከነላስቲካቸው። መብራት ይጠፋል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ ያቺ በሳምንት አራት ቀን የምትጠፋ መብራት ሐሙስን መርጣ ሳትጠፋ ዋለች! ግራፉ ግድግዳው ላይ በራ።

አሁን ነገሩን በደንብ ተከተሉኝ። ኃላፊዬ በእንጨት እየጠቆመ ማብራራት ጀመረ። ስድስት ሰዓት ላይ ኦክስጅኑ እንደሚጨምር፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጣሪያ እንደሚነካ አሳየ፤ ይህም የሆነው በዚያ ሰዓት ፀሐይ ስለምትበረታ አልጌው በደስታ ስለሚያድግ ነው አለ። የሁሩሙው ባልደረባ ነቀነቀ። የቡሬው ነቀነቀ። ፊት ለፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀሐዩ እሳቸውንም እንደሚያናድዳቸው ተናገሩ። ሁሉም ሰው ተረዳ። ግራፉ ለሁሉም እንደ ውሃ ጠራ... ከእኔ በቀር።

ምክንያቱም ግኝቴ እየተቀበረ ነው! ሦስት ሳምንት የደከምኩበት የሌሊት አልጌ በሰው ሁሉ ፊት ተራ የቀን አልጌ ሆኖ ሊቀር ነው። ኃላፊዬ፣ "እንግዲህ እርሻዋ ትነሳ የምትሉ እጃችሁን..." ማለት ሲጀምር እኔ ብድግ አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጎመኑን ለማዳን አልተነሳሁም። ጉራ ነው ያስነሳኝ።

ይቅርታ ጠይቄ፣ ድምፄን ካወፈርኩ በኋላ፣ ታላቁን ነገር ገለጥኩላቸው። ግራፉ ላይ ያለው ስድስት የእኛ ስድስት እንዳልሆነ፣ ኮምፒውተሩ በፈረንጅ ሰዓት እንደሚሠራ፣ በፈረንጅ ስድስት ማለት ሊነጋ ሲል እንደሆነ፣ ስለዚህም ይህ አልጌ ፀሐይ ሳትወጣ በጨለማ የሚያድግ፣ እኩለ ቀን ላይ የሚዳከም፣ እስከ ዛሬ ያልታወቀ ፍጥረት እንደሆነ አስረዳሁ። "ክቡራንና ክቡራት"ንም በሁለተኛው ድምፅ አስገባኋት። የቡሬው ባልደረባ መነጽሩን አወለቀ።

ከኋላ አንድ እጅ ተነሣ። ኦቦ ገመቹ ናቸው።

"ኢልመ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ "ያ ስድስት ከደብተሬ ላይ የወሰድከው ነው?"

"አዎ፣ ኦቦ።"

"እንግዲያው የፈረንጅ አይደለም። ያ ስድስት የእኔ ነው። ምሳዬን እየበላሁ ነው የለካሁት።"

ግራፉን እንደገና አየሁት። በአንዴ ሁሉም ነገር ወለል አለልኝ። ኦቦ ገመቹ እንደ ማንኛችንም በእኛ ሰዓት ነው የጻፉት፤ አሥራ ሁለት ያሉት ንጋት ነው፣ ስድስት ያሉት ቀትር ነው፣ ዘጠኝ ያሉት ፀሐዩ የሚፋጅበት ሰዓት ነው። ለኮምፒውተሩ ግን አሥራ ሁለት ቀትር ነው፣ ስድስት ንጋት ነው። እኔ ቁጥሩን እንዳለ ስገለብጥ የኦቦ ገመቹን ንጋት ቀትር ላይ፣ ቀትራቸውን ንጋት ላይ፣ ምሽታቸውን ደግሞ በዚያች ብልጠቴ እኩለ ሌሊት ላይ ሰቅዬዋለሁ። ከዚያ አልጌው ለምን በጨለማ ይበላል ብዬ ሦስት ሳምንት ጠባዩን ሳበላሽ ከረምኩ። አልጌው ምንም አላደረገም። አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ግራፉን በትክክል አንብቦታል፤ ያልገባው የሠራው ሰውዬ ብቻ ነው።

ኃላፊዬ እዚያው፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እንዳስተካክል አዘዘኝ። አሥራ ሁለትን ስድስት፣ ሦስትን ዘጠኝ፣ ስድስትን አሥራ ሁለት፣ ዘጠኝን አሥራ አምስት፣ ያቺን የብልጠቴን ሃያ አራት አሥራ ስምንት አደረግኩ። ከዚያ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ከፍቼ የጨመርኩትን ቀነስኩ፣ የቀነስኩትን ጨመርኩ፣ መመሪያው ላይ ወዳለው ወደ ሰው አገር ቁጥር መለስኳቸው። ሞዴሉን አስነሳሁት። መስመሩ ያለ አንዳች ልመና ነጥቦቹ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ። የመጪውን በጋ አስገባሁ፤ ወንዟ ጥርት ብላ ሶር ገባች። የእትዬ ዘሃራ ፍግ መኖሩም አልታወቀም። የመቱ የሌሊት አልጌ በተወለደ በሁለት ሳምንቱ በሕዝብ ፊት ሞተ።

ደብዳቤው ተሻረ። ቃለ ጉባኤው ላይ "በሰዓት አቆጣጠር ምክንያት" ተብሎ ተጻፈ፤ ስሜን ስላላስገቡት አመሰገንኳቸው። የሁሩሙው ባልደረባ ሲወጣ እጄን ጨብጦ ብዙ ተማርን አለኝ፤ ምን እንደተማረ አላብራራም። ኦቦ ገመቹ ደብተራቸውን ከጠረጴዛዬ ላይ አንስተው በላስቲክ ጠቀለሉትና ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡት። ከዚያን ቀን ወዲህ ቁጥሩን በቃል ነው የሚነግሩኝ፤ "ጠዋት" እና "ከሰዓት" የምትለዋን ረገጥ አድርገው።

ከእትዬ ዘሃራ ጋር አንድ ባጃጅ ተሳፍረን ወደ ቤት ሄድን። ግቢ ስንደርስ በጓሮ በኩል ወርደው ጎመናቸውን ጥግ እስከ ጥግ አዩት፤ አንዱን ቅጠል ገልበጥ አድርገው አፈሩን አራገፉለት። ተከትዬ ቆምኩ። በእኔ ጥፋት ይህን ሁሉ ዓመት የለፉበትን ሊያጡ እንደነበር፣ ይቅርታ ካደረጉልኝ የሚሉኝን ሁሉ እንደማደርግ ነገርኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም፤ ከንፈራቸው ዳር ላይ ሳቅ ነገር አለች።

"ደግ። ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከወንዙ ቀድተህ ጎመኑን ታጠጣለህ" አሉኝ።

ከእንግዲህ ወዲያ በሰዓት ጉዳይ ላልሳሳት ምያለሁና፣ በትሕትና ጎንበስ ብዬ የትኛው አሥራ ሁለት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"የሚበርደው" አሉኝ።